ዛንደር፦ የአንድ ጀርመናዊ የቤተሰብ ስም ታሪክና የእኛ የስም ሐረግ

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የጀርመን የቤተሰብ ስም ነው፤ ስሙም ዛንደር ይባላል። የራያ ታሪክ ገና ተጽፎ ሳያልቅ የጀርመን ስም ምን ይሠራልናል የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ ይታየኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ከራሴ ቤት ልጀምር።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር በሄድሁ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ እንድሞላ ተሰጠኝ። ቅጹ የግል ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የቤተሰብ ስም የለኝም ብል የምታስተናግደኝ ሴት ፈገግ ብላ ከፓስፖርቴ የመጨረሻውን ስም፣ የአያቴን፣ በቦታው አሰፈረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜያቸውን በማሽላ እርሻ ያሳለፉት የቆቦው ገበሬ ስም በደጄና በፖስታ ሣጥኔ ላይ ተለጠፈ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ስሙ ሲጠራ፣ ሽማግሌው ከኋላዬ የቆሙ መስሎኝ ዞር ያልሁበት ቀን ነበረ። በዚህ እንስቅ ነበር። ሴት ልጄ እዚያው ስትወለድ ግን ሣቁ ቀረ። በልደት ወረቀቷ ላይ ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው የእኔ ስም ሳይሆን የአያቴ ነበር። ወንድሜ ቆቦ ላይ የወለደው ልጅ ደግሞ በወጋችን መሠረት በወንድሜ ስም ይጠራል። የሁለት ወንድማማች ልጆች በወረቀት ሲታዩ ዝምድና የላቸውም። የጀርመኖችን የስም ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

ዛንደር በሰሜን ጀርመን በሚነገረው ታችኛ ጀርመንኛ የአሌክሳንደር አጭር አጠራር ነው። አሌክሳንደር ከግሪክኛው አሌክሳንድሮስ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሰዎችን የሚከላከል ማለት ነው፤ እኛ እስክንድር የምንለው ስም መሆኑ ነው። ሁለተኛ ምንጭም አለው፤ ዛንደር በሰሜን ወንዞችና ሐይቆች የሚገኝ ዓሣ ስም በመሆኑ ለዓሣ አጥማጅ ወይም ለዓሣ ነጋዴ የወጣ ቅጽል ሊሆን ይችላል። እኔን የሚስበኝ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው ዛንደር ሰው ነበረ። ልጁ የዛንደር ልጅ ተባለ፤ የልጅ ልጁ ግን በገዛ አባቱ ስም መጠራት ሲገባው አሁንም ዛንደር ተባለ። ስሙ በዚያ ረጋ።

ለምን ረጋ? በጀርመን ከተሞች ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝብ በዛ፤ የክርስትና ስሞች ግን ጥቂት ነበሩና በአንድ ሰፈር ብዙ ዮሐንሶች ተገኙ። ግብር ሰብሳቢው፣ የውርስ ዳኛውና የከተማው ጸሓፊ የቱ ዮሐንስ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ስለዚህ አንዱ በአባቱ፣ አንዱ በሥራው፣ አንዱ በመንደሩ ተለየ፤ መለያውም ለልጅ ተላለፈ። ዛሬ በጀርመን በብዛት ቀዳሚ የሆነው ሙለር ወፍጮኛ ማለት ነው፤ የሚከተለው ሽሚት ቀጥቃጭ ነው። በልዩ ልዩ አጻጻፍ የሚገኘው ማየር ደግሞ የጌታውን ርስት የሚያስተዳድር ሹም ነበር፤ የእኛን ምስለኔ ወይም ጭቃ ሹም ይመስላል። ዛንደር በቁጥር ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም፤ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ግን የተለመደ ስም ነው።

ሁሉም ጀርመን በአንድ ቀን እንዲህ አላደረገም። በሰሜን ባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ፍሪዛውያን እንደ እኛው በየትውልዱ የአባታቸውን ስም እየለወጡ ይጠሩ ነበር፤ በምሥራቅ ፍሪዝያ የረጋ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የታዘዙት እ.ኤ.አ. በ1811 በናፖሊዮን አዋጅ ነው። የፕሩስያ አይሁድም እ.ኤ.አ. በ1812 በወጣው አዋጅ እንዲሁ ታዘዙ። የቤተሰብ ስም የአውሮፓ ሰው ተፈጥሮ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ለብዙዎቹ ግን ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነበር።

አሁን ስሙ ወደ አገራችን የገባበትን መንገድ እንይ። ኤድዋርድ ዛንደር በአንሃልት ግዛት የተወለደ ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በሰሜን ለደጃዝማች ውቤ አገለገለ፤ ውቤ በደረስጌ ድል ከሆኑ በኋላ ለዐፄ ቴዎድሮስ አደረ። ከኢትዮጵያዊት ሴት የወለዳት ልጁ ወለተ ኢየሱስ ትባል ነበር፤ በአውሮፓ ስሟ ካታሪና። እርሷም በጋፋት ለንጉሡ መድፍ ያፈስ የነበረውን ሞሪትዝ ሆልን አገባች። በእኛ ወግ ቢሆን አግብታም ወልዳም ወለተ ኢየሱስ ዛንደር ተብላ በኖረች። በባሏ ወገን ወግ ግን ካታሪና ሆል ሆነች፤ የአባቷ ስም በእርሷ ላይ በአንድ ትውልድ ቆመ።

ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1868 ሞተ። መቅደላ የወደቀችውም በዚያው ዓመት ነው። የእንግሊዝ ጦር የተፈቱትን አውሮፓውያን ይዞ ወደ ዙላ የተመለሰው በአሸንጌ ሐይቅ በኩል፣ ከእኛ ከቆቦ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ ነው። የሆል ቤተሰብ አገሩን ለቆ በኋላ ኢያፋ ተቀመጠ። በዚያው በ1868 የተወለደችው ልጃቸው መግደሌና ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች፤ የእርሷ የልጅ ልጅ በዓለም የታወቀው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ዛንደር፣ ሆል፣ ኡስቲኖቭ፦ በሦስት ትውልድ ሦስት ስም። ደሙን የያዙት ሴቶች ናቸው፤ ስሙን ግን አልያዙም። በዚህ እኛም ብዙ አንኮራም፤ ሴት በአባቷ ስም ጸንታ ብትኖርም ስሟ ለልጇ አይተላለፍም።

በእኛ አገር ስምን ለማርጋት ሙከራ ተደርጎ እንደነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ጽሑፎችም ይህ ስም ቀድሞ እንዲጻፍ ያዛል። ሕጉ ተጻፈ፤ ሕዝቡ ግን በልማዱ ቀጠለ። በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባም የምንሞላው የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ነው።

ሕጉ ያልቻለውን ግን ስደት እያደረገው ነው። ጀርመን አገር የሚቀመጥ ሰው ስሙ በጀርመን ሕግ ሥር ሲወድቅ፣ ከስሞቹ አንዱን የቤተሰብ ስም አድርጎ እንዲመርጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። ጉዳዩ ለራያ ሰው ከሌላው ይከብዳል እላለሁ። የእኛ ሐረግ የአንድ ቋንቋ ወይም የአንድ ሃይማኖት ሐረግ አይደለም። ልጁ ደሳለኝ፣ አባቱ አሊ፣ አያቱ ገብሬ የሆነ ሰው በወሎ ማንንም አያስደንቅም፤ ከዚያ ወደ ላይ ሲቆጠር ኦሮምኛም ትግርኛም ይገኛል። የከተማችን የቆቦ ስም እንኳ በኦሮምኛ የጉሎ ተክል መጠሪያ ነው። ከዚህ ሐረግ አንዱን ስም ነጥሎ ማርጋት ከታሪካችን አንዱን ገጽ ብቻ ገልጦ መጽሐፉን በዚያ እንደ ማሰር ነው። ገብሬ ቢረጋ አሊ ይጠፋል፤ አሊ ቢረጋ ገብሬ ይጠፋል። የመጀመሪያው ዛንደር አባት ማን ይባል እንደነበረ የሚያውቅ ዘር ዛሬ ካለ እድለኛ ነው።

ሆኖም ስም መርጠው ያረጉትን ወገኖቼን አልወቅስም። ልጃቸውን ይዘው ድንበር ሲሻገሩ የእናት፣ የአባትና የልጅ ፓስፖርት ሦስት የተለያየ ስም ይዞ መገኘቱ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ይዤ ቆቦ ሄድሁ። አክስቴ ስሟን ጠየቀቻት፤ ልጄም በትምህርት ቤቷ እንደለመደችው ስሟንና የቅድመ አያቷን ስም አከታትላ ተናገረች። አክስቴ ቡናውን መቅዳት ትታ፣ «እንዴ ልጄ፣ አባትሽን ወዴት ዘለልሽው?» አለቻት። ልጄ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።