«17 ነኝ»፦ የራስ መመዘኛ መጠይቅ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ

(በዳንግላ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ባለታሪኩ እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ሁሉ ግን አስቀርቻለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ከክፍል በኋላ ወደ ቢሮዬ መጣና ስልኩን ዘረጋልኝ። «መምህር፣ 17 ነኝ» አለኝ። መጀመሪያ ዕድሜውን የነገረኝ መስሎኝ ነበር። ስልኩ ላይ ያለው ግን ዘጠኝ ጥያቄዎችን መልሶ ያገኘው የድባቴ ነጥብ ነው፤ 17 ከ27። ቀጥሎ ሌላ ገጽ ከፈተ። እዚያ ደግሞ «ቦርደርላይን» የተባለው የስብዕና መታወክ ሳይኖርበት እንደማይቀር ተጽፏል። ሁለቱንም የጨረሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ በማያስጠጣ ጊዜ ውስጥ ነበር።

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጆሮዬን የያዘው ቃሉ ነው። «17 አገኘሁ» አላለም፤ «17 ነኝ» ነው ያለው። አንድ ቁጥር የሰው ማንነት መጠሪያ ለመሆን እንዴት በቃ? ይህ ከሕክምናው ባልተናነሰ የታሪክ ጥያቄ ነው።

ሰውን ወደ ቁጥር ለውጦ ከቁጥሩ ሁኔታውን ማንበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዐውደ ነገሥት የሚቆጥር ሰው የጠያቂውንና የእናቱን ስም ፊደላት ቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል፤ በቀሪው ኮከቡን ያወጣል። ሐመል ነህ፣ ሰውር ነሽ ይላል። እዚያም ቃሉ «ነህ» ነው። ንጽጽሩን ያመጣሁት ለማላገጥ አይደለም፤ ዛሬ የምንነጋገርባቸው መጠይቆች በጥናት የተፈተኑ ናቸውና ከኮከብ ቆጠራ ጋር አንድ አይደሉም። ቁጥር ሲነገረን የምናሳየው መታዘዝ ግን ያው የቆየው ነው።

የዘመናዊው መጠይቅ የትውልድ ቦታ ጦር ሠፈር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በመድፍ ድንጋጤ አእምሯቸው የሚናወጥ ወታደሮች ጉዳይ የጦር ሐኪሞችን ያስጨንቅ ነበር። ምልምሉን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያነጋግር ሐኪም ከየት ይገኛል? የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ውድወርዝ «አዎ» ወይም «አይ» ተብለው የሚመለሱ 116 ጥያቄዎችን አዘጋጀ። ዓላማው የሚያሠጋ መልስ ያበዛውን ሰው ለይቶ ወደ ሐኪም መላክ ነበር። ጦርነቱ መጠይቁ ሥራ ላይ ሳይውል አበቃ፤ ሐሳቡ ግን ቀረ። መጠይቁ ወንፊት ነው፤ በወንፊቱ ላይ የቀረውን እንደገና በእጅ የሚያይ ሰው እንዳለ ታስቦ የተሠራ።

ወደ እኛም ያመጣው ያው የባለሙያ እጥረት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚህ ሁኔታ የሕዝብን የአእምሮ ጤና ለማወቅ የፈለገ ተመራማሪ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን አጭር መጠይቅ ቢይዝ የሚያስገርም አይደለም። ያ መጠይቅ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮሎምቢያ፣ በሕንድ፣ በሱዳንና በፊሊፒንስ የተሞከረ ሲሆን 24 ጥያቄዎች አሉት። ሃያዎቹ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ተስፋ ማጣትና ይህን ስለመሳሰሉት ናቸው፤ አራቱ ከበድ ያለውን የአእምሮ ሕመም ይፈልጋሉ።

ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎችን በአማርኛው ትርጉም ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። 11 ጊዜና ከዚያ በላይ «አዎ» ያሉት ሲቆጠሩ 17.4 በመቶ ሆኑ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ በሌሎች አገሮች ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ላይ የሚቆረጠው ወሰን እዚህ 11 ነው። ወሰኑ ከሰማይ አልወረደም፤ ሰዎች እንደ ቦታው የሚያሰምሩት መስመር ነው። ሁለተኛ፣ መጠይቁ «ራስን መግለጫ» ይባል እንጂ በገጠር ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ነበረ።

ከሁሉ ይበልጥ እኔን የሚማርከኝ ግን በስም ብዙም የማይነሳ አንድ ሥራ ነው። ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን ከቴን ሆርን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1988 በእንግሊዝ የሥነ አእምሮ መጽሔት ላይ ስለዚሁ መጠይቅ የኢትዮጵያ አጠቃቀም ጽፏል። ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ መልስ የሰጡትን ሰዎች ተመልሰው ጠየቁ። ጥያቄውን እንዴት ተረዳችሁት? ለምንስ እንዲህ መለሳችሁ? መልሱ የታሰበውን እንዳይለካ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮችን አገኙ፤ ጥያቄው በሌላ መንገድ መሰማቱንና መላሹ የራሱ ምክንያት ያለው መሆኑን።

ይህን በራሳችን አገር ልየው። ከአራቱ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ሰው ሊጎዳህ እየሞከረ ይመስልሃል ወይ የሚል ይዘት አለው። ለጥያቄው አዘጋጅ «አዎ» የሕመም ጥርጣሬ ምልክት ሊሆን ይችላል። የድንበር ሙግት ላለበት ገበሬ ግን የዕለት ኑሮው ነው፤ ያለፉትን ዓመታት በክልላችን ለኖረ ሰው ደግሞ ማብራራት እንኳ አያስፈልገኝም። ሌላው ሰዎች ከሚገምቱህ በላይ ታላቅ ሰው ነህ ወይ ይላል። ትሕትና የተማረ ሰው ውስጡ ምንም ይሁን ምን «አይ» ይላል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ ጥር 23 ቀን ፈረሱ ላይ ሆኖ ቢጠየቅ ግን ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። (ሣቅ)

ቋንቋው አንድ ሆኖ እንኳ ቦታው ይለያል። በወለዱ እናቶች ላይ ድባቴን ለመፈለግ በኤድንብራ የተዘጋጀው መጠይቅ በገጠር ቡታጅራ ሲፈተሽ ደካማ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅቱ «አዎ/አይ» በለጠው። ያው የኤድንብራ መጠይቅ በአዲስ አበባ ሲፈተሽ ደግሞ ተቀባይነት ያለው ሆኖ ተገኘ። በእኛ ዞን ላይ ይህን አስቡት። በአዊኛ አፉን የፈታ ልጅ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ስለ ሐዘኑ ይመልሳል። አማርኛችን ራሱ ሐዘንን በሆድ፣ በአንጀትና በልብ ነው የሚናገረው። «ሆድ ባሰኝ» የሚለውን ከዜሮ እስከ ሦስት ባለው መስመር ላይ የት እናስቀምጠው?

ተማሪዬ የሞላው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ በሮበርት ስፒትዘርና በባልደረቦቹ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ብቃቱ ዝርዝር ጥናት የታተመለት ነው። ገንዘቡን የሸፈነው የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር ሲሆን፣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲገለብጠው ተፈቀደ። በየስልኩ የተበተነው በዚህ ምክንያት ነው። መጠይቁ መጥፎ አይደለም። በአዲስ አበባ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል 926 ታካሚዎች በተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ ወሰኑ 10 ላይ ሲሆን ድባቴ ካለባቸው 86 በመቶውን ይዟል፤ ከሌለባቸው ደግሞ 67 በመቶውን በትክክል ነፃ አድርጓል። ጥሩ ይመስላል። እስቲ እናስላው። መቶ ተማሪዎች አሉ እንበል፤ ከእነርሱ ዐሥሩ በእውነት ድባቴ አለባቸው። ወንፊቱ ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉን ይይዛል። ከዘጠናው ጤነኛ ግን ሠላሳ ያህሉን አብሮ ይይዛል። ስለዚህ «አለብህ» ከተባሉት 39 ተማሪዎች ሠላሳው የሌለባቸው ናቸው። በክሊኒክ ውስጥ ይህ ችግር አይደለም፤ ቀጥሎ የሚያነጋግራቸው ሰው አለና። በስልክ ላይ ግን ቀጥሎ ያለው ማስታወቂያ ነው።

የስብዕና መታወክን በተመለከተ ነገሩ ይብሳል። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ማኅበር መመሪያ «ቦርደርላይን» ለመባል ከዘጠኝ መስፈርቶች ማናቸውም አምስቱ ይበቃሉ፤ ይህም 256 ዓይነት ጥምረት ማለት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ተሰጥቷቸው የሚጋሩት አንድ መስፈርት ብቻ ሊሆን ይችላል። መመሪያው ጠባዩ ከወጣትነት ጀምሮ በልዩ ልዩ የኑሮ ሁኔታ ውስጥ የዘለቀ እንዲሆን ይጠይቃል። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የዓባይን ካርታ ለመሥራት ለዓመታት በበቅሎ ወጥቶ ወርዷል። የ20 ዓመት ልጅ ስብዕና ከዓባይ ያነሰ ጠመዝማዛ ነው ብዬ አላምንም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ያን ቀን ኮርትማን ያደረገውን አደረግሁ፤ መልሶቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። እንቅልፍ ላይ ሙሉ ሦስት ሞልቷል። «መምህር፣ ስምንት ሆነን ነው የምንተኛው፤ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ያነባል» አለኝ። የምግብ ፍላጎት ላይ ሁለት ሞልቷል፤ ጾም ነበር። ሐሳብን መሰብሰብ ላይ እንደገና ሦስት፤ አገሩ ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ከሰማ ሳምንታት አልፈዋል። ነጥቡ በእጃችን ላይ እየቀለለ ሄደ፤ እኔም ሳላውቀው እፎይ ማለት ጀመርሁ።

ዘጠነኛው ስለ ሞት ማሰብና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ የሞላው «1» ብቻ ነበር፤ አንዳንድ ቀናት ማለት ነው። ለስልኩ ይህ «1» ከምግብ ፍላጎቱ «1» አይለይም፤ ይደመራል እንጂ አያስደነግጥም። ይህን ለምን እንደሞላው ስጠይቀው ዝም አለ። እኔም አልቸኮልሁም። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነውን እዚህ አልናገርም። ከሰዓት በኋላ ወደ ጤና ባለሙያ አብረን ሄድን። ስልኩን አውጥቶ ሊያሳያት ሲል ባለሙያዋ በእጇ መለስ አደረገችው፤ «ተቀመጥ፣ ከየት ልትጀምርልኝ ትወዳለህ?» አለችው።