ትንሹ ሞተር፣ ተርቦውና የኤክሳይስ ታክሱ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ይዞ፣ ጉማራን ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ርብን አልፎ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዓለም በር አድርጎ ደብረ ታቦር ይወጣል። ይህ ሁለተኛው በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩትና እስከ ወልዲያ የሚዘልቀው፣ የአካባቢው ሰውም «የቻይና መንገድ» የሚለው ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሩዝ ማሳው ጠርዝ ተነስቶ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ 900 ሜትር ያህል መውጣት ማለት ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት ጉዞው በየጊዜው ቢስተጓጎልም፣ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው።

የሞተርን ጉልበት ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። ሹፌሮች ሲገናኙ የሚያነሱት ክርክርም በአውሮፓና በአሜሪካ የስፖርት መኪና ወዳጆችን ለሁለት ከከፈለው ክርክር ብዙም አይለይም፤ ትልቅ ሞተር ይሻላል ወይስ ትንሽ ሞተር ከነተርቦው?

«ስፖርት መኪናን ከወረታ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋምና ከፈረንጆቹ ልጀምር። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2016 ቦክስተርና ኬይማን ከተባሉት መኪናዎቹ ላይ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ሞተር አንስቶ በምትኩ ባለ አራት ሲሊንደር ተርቦ አስገባ። አዲሶቹ ከቀድሞዎቹ ይፈጥናሉ፤ ወዳጆቻቸው ግን ድምፃቸውን ጠሉት። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በውድ ሞዴሎቹ ላይ ተርቦ የሌለውን ባለ 4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር መልሶ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፎርሙላ ዋን የ2.4 ሊትሩን ቪ-8 በ1.6 ሊትር ባለ ተርቦ ቪ-6 ሲተካም ከተመልካቹ የተሰማው ትልቁ ስሞታ «ጩኸቱ የት ሄደ?» የሚል ነበር።

በእኛም አገር «ቪ-ኤይት» የሞተር ዓይነት ብቻ አይደለም፣ የሥልጣን ስምም ነው። ማን እንደሚሳፈርበት ለማንም የሚነገር አይደለም። (በነገራችን ላይ የናፍጣው ቪ-ኤይት ራሱ ሁለት ተርቦ የተገጠመለት ነበር።) ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ላንድክሩዘር 300 ግን ቪ-8ን ጨርሶ አስቀርቶ በባለ ተርቦ ቪ-6 ተክቶታል።

ለሹፌሩና ለመካኒኩ ግን የልብ ወዳጅ ሌላ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የዕርዳታ ድርጅቶች ገጠር ለገጠር ሲያመላልሱት የኖሩት ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር፣ «ዋን ኤች ዜድ» የሚባለው ነው። መጠኑ 4,164 ሲሲ፣ ጉልበቱ ወደ 130 ፈረስ ነው። ኤሌክትሮኒክስ አይወድም፤ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ወረዳ ከተማ ያለ ጋራዥ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይኸው የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ 2,755 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ተርቦ ሲሰጠው ጉልበቱ 204 ፈረስ፣ የመጎተት ኃይሉም ከ285 ወደ 500 ኒውተን ሜትር ከፍ አለ። እንዲያም ሆኖ ነባር ተጠቃሚዎች መጀመሪያ የቆጠሩት የጎደሉትን ሁለት ሲሊንደሮች ነው። አውስትራሊያውያንም በቪ-8ታቸው ምክንያት ይህንኑ አጉረምርመዋል።

ለመሆኑ ተርቦ ምን ያደርጋል? ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የሚስበውን አየር ብቻ ያገኛል። ባለ ተርቦው በማርሚታ በኩል ሊባክን የነበረውን የጭስ ግፊት ተጠቅሞ አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ ከእሱ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ሌላው ተሽከርካሪ ደግሞ አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺሕ ዙር በላይ ይሽከረከራል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሂ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። «ነዳጁን ስረግጥ ዘግይቶ ይነሳል» የሚለው የስፖርት መኪና ወዳጆች ቅሬታ መነሻም እዚሁ ነው፤ ጭሱ በቂ ግፊት እስኪያገኝ ቅጽበት ይፈጃል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች መዘግየቱ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

ፈረንጆቹ ሲከራከሩ የማያነሱት፣ ለእኛ ግን ዋነኛው ነጥብ ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በወረታ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው 84 በመቶ ያህል፣ በደብረ ታቦር ደግሞ 76 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። በወረቀት 130 ፈረስ የተባለው ላንድክሩዘር ደብረ ታቦር ሲደርስ 100 ገደማ ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። ሹፌሩ «ዛሬ መኪናው ደከመ» ቢል አይፈረድበትም፤ ሩብ ያህሉ ጉልበት ፎገራ እንኳ ሳይደርስ፣ ገና ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ደጋውን ሲወጣ መሟጠጥ ጀምሯል። ባለ ተርቦው ግን የሳሳውን አየር መልሶ ስለሚጨምቀው ከጉልበቱ ብዙውን ይዞ ይወጣል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ፣ የእኛን ጉና በሚስተካከለው በ4,300 ሜትሩ የኮሎራዶ ተራራ አናት ላይ ፈትኖ ነበር። ባሕር ወለል ላይ 350 ፈረስ የነበረው ሞተር እዚያ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ስለዚህ «ለአቀበት ትልቅ ሞተር» የሚለው የሹፌር ብሂል ለቆላ ሊሠራ ይችላል፤ ለጎንደር ደጋ ግን ተርቦ ከቅንጦት ይልቅ ለአስፈላጊነት ይቀርባል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 የቤት መኪናዎችን፣ ስቴሽን ዋገኖችንና ፒክአፖችን በሞተራቸው መጠን ከፈላቸው፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። በየካቲት 2012 የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1186 ለአዲስ ትናንሽ መኪናዎች የመጀመሪያውን እርከን ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ ያገለገሉትን እስከ 500 በመቶ ጫነባቸው። የሲሲ ድንበሮቹ ግን ሳይነኩ አለፉ። 1,298 ሲሲ የሆነችው የያሪስ ሞተር በሁለት ሲሲ ከድንበሩ ወዲህ ቀረች። ኤክሳይሱ ከጉምሩክ ቀረጥ ላይ ተደርቦ ስለሚሰላ፣ በእሱም ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚከተል፣ እርከን መዝለል የመኪናውን ዋጋ ምን ያህል እንደሚያንር የገዛ ያውቀዋል።

ሕጉ ሲሲን የመረጠው ሲሲ የቅንጦትና የነዳጅ ፍጆታ ምልክት ነው ብሎ ነው። ተርቦ ባልተስፋፋበት ጊዜ ግምቱ አያሳፍርም። ዛሬ ግን 1,591 ሲሲ የሆነው የሃዩንዳይ ተክሰን ባለ ተርቦ ሞተር 177 ፈረስ ሲሰጥ፣ 1,999 ሲሲ የሆነው ተርቦ አልባው የዚያው መኪና ሞተር 155 ይሰጣል። ጉልበተኛው 60፣ ደካማው 100 በመቶ። የቶዮታ ጂአር ያሪስ ደግሞ ለራሊ ታስቦ የተሠራ የለየለት ስፖርት መኪና ነው፤ 1,618 ሲሲ፣ ከ250 ፈረስ በላይ። በሕጉ ሚዛን ይህ መካከለኛ የቤት መኪና ነው። ገጠር የሚሠራው ላንድክሩዘር ግን 4.2 ሊትርም ይሁን 2.8 ያው 100 በመቶ ውስጥ ነው፤ ሕጉ ነዳጅ ቆጣቢውን ለመረጠ ገዢ አንዳች ማበረታቻ አልሰጠም።

የስፖርቱ ደንብ አውጪዎች ይህን ቀድመው አይተውታል። የፎርሙላ ዋን ደንብ ተርቦ የሌለውን 3 ሊትር፣ ባለ ተርቦውን 1.5 ሊትር ይፈቅድ ስለነበር ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1977 በትንሹ ሞተር ብቅ አለ። ጭስ እያበዛ ስለሚበላሽ «ቢጫው የሻይ ማንቆርቆሪያ» እያሉ ሳቁበት፤ በ1979 ፈረንሳይ ላይ አሸነፈ። በራሊ ደግሞ ባለ ተርቦ የቤንዚን ሞተር መጠኑ በ1.7 ተባዝቶ ነው የሚመደበው። በዚህ ስሌት ጂአር ያሪስ 2,750 ሲሲ ይሆናል።

እኔ ግን ማባዣው ወደ ታክስ ሕጋችን ይግባ አልልም። ደገኛውን መልሶ መቅጣት ይሆናልና። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2001 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪናዎች ዓመታዊውን ታክስ ከሲሲ አውርደው ከጭስ ማውጫ በሚወጣው የካርቦን ልቀት ላይ ያሰሉት ነበር። መለካት የተፈለገው ፍጆታ ከሆነ ፍጆታውን ራሱን መለካት ነው።

ለሹፌሩም ጥርጣሬ ፍርድ ልስጥ። «ተርቦ ይበላሻል» ሲል ሐሰት አልተናገረም፤ የሚበላሽበትን ምክንያት ግን በተርቦው ላይ ያላክካል። ያ ዘንግ የሚንሳፈፈው በሞተር ዘይት ላይ ነው። ዘይት ጊዜው ሲያልፍበት፣ የአየር ፊልትሮው በፒስታ አቧራ ሲታፈን፣ ዳገት የጨረሰ ሞተር ሳይበርድ ቁልፉ ሲዘጋ ዘይቱ ዘንጉ ላይ ይቃጠላል። ናፍጣው ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ደብረ ታቦር ደርሶ አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን በዝግታ ማስኬድ ምንም አያስወጣም። ዋን ኤች ዜድ እንዲህ ያለውን በደል በትዕግሥት ይችል ነበር፤ የተወደደውም ለዚሁ ነው።

ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከእንግዲህ አይገቡም ካለ በኋላ፣ ክርክሩ አብቅቷል የሚሉ አሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ለደብረ ታቦር ዳገት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አገር ውስጥ ያሉት የናፍጣና የቤንዚን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ይሽከረከራሉ፤ አዲስ መግባት ሲቀር የሚወደደውም ያለው ነው። ያገለገለ ባለ ተርቦ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሲሲው በፊት የዘይት ቅያሪ መዝገቡን ይጠይቅ፤ ከተቻለውም ባለመካኒኩን ይዞ አንድ ዳገት ያስወጣው።