ቀድሞ ደራሽ ሕክምና

ንቅለ ተከላ በሚካሄድባቸው ሆስፒታሎች ሐኪሞች «ፕሪኤምፕቲቭ ቴራፒ» የሚሉት አሠራር አለ። በአማርኛ «ቀድሞ ደራሽ ሕክምና» ልንለው እንችላለን፦ በሰውነት ውስጥ ያደፈጠ ቫይረስ መነሣቱ በምርመራ ከታወቀ በኋላ፣ ታካሚው ግን ገና ሳይታመም የሚጀመር ሕክምና ነው። ከመከላከያ መድኃኒት ይለያል፤ መከላከያው ለተጋላጭ ሁሉ ይሰጣል፣ ይህኛው ቫይረሱ ለታየበት ብቻ።

አሠራሩን የግድ ያደረገው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ነው። አብዛኞቻችንን በልጅነታችን ሳናውቀው ይይዘንና ዕድሜ ልካችንን በሰውነታችን ውስጥ አድፍጦ ይኖራል። ጤነኛን ሰው እምብዛም አይጎዳም። ኩላሊት ወይም የአጥንት መቅኒ የተተከለለት ሰው ግን የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ስለሚወስድ ያደፈጠው ይነሣበታል። ሳንባ ላይ ሲወጣ ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቅኒ ተተክሎላቸው በዚህ ምች ከተያዙ 10 ሰዎች 8 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ጋንሲክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ ከመጣ በኋላም ቢሆን፣ ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ ወዲያ ሲሰጥ ብዙዎችን ማዳን አልቻለም።

እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካዎቹ የሲቲ ኦፍ ሆፕ ሆስፒታልና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት መንገዱን ቀየረው። ንቅለ ተከላው በተደረገ በ35ኛው ቀን ምንም የሳንባ ሕመም የሌላቸውን ታካሚዎች ሳንባ በቀጭን ቱቦ አጥበው ፈሳሹን መረመሩ። ቫይረሱ ከተገኘባቸው 40 ሰዎች ግማሾቹ ወዲያው ጋንሲክሎቪር ጀመሩ፤ የቀሩት ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። እስከ 120ኛው ቀን ድረስ መድኃኒቱን ካልጀመሩት 20 ሰዎች 14ቱ በምቹ ተያዙ ወይም ሞቱ፤ ከጀመሩት 20 ግን 5ቱ ብቻ። ሁሉም በምርመራው ዕለት ደህና ይመስሉ ነበር። የጥናቱ ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል።

ዛሬ ሳንባ ማጠብ ሳያስፈልግ በየሳምንቱ ደም ተወስዶ የቫይረሱ መጠን ይለካል። ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጋንሲክሎቪር በደም ሥር ወይም ቫልጋንሲክሎቪር በአፍ ይጀመራል፤ ቫይረሱ ከደም እስኪጠፋም ይቀጥላል። ታዲያ ለምን ለሁሉም አስቀድሞ አይሰጥም? መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሶችን ስለሚቀንስ ነው፤ ይህ በተለይ አዲስ መቅኒ ለተተከለለት ሰው አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ሌተርሞቪር መቅኒን ስለማይጎዳ በመቅኒ ንቅለ ተከላ መከላከያው እንደገና ተመራጭ እየሆነ መጥቷል። በኩላሊት ግን ሁለቱም መንገዶች ይሠራባቸዋል።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ እዚያ የተተከለላቸው፣ እንዲሁም ውጭ አገር ተተክሎላቸው የተመለሱ፣ ዕድሜ ልካቸውን የመከላከል አቅምን የሚያዳክሙ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች በመካከላችን ይኖራሉ። ከእነሱ አንዱ ከሆኑ ወይም በቤትዎ ካሉ፣ «ደህና ነኝ» ብለው የደም ምርመራ ቀጠሮ አያሳልፉ። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝተው አይጠብቁ፣ የንቅለ ተከላ መድኃኒቱንም በራስዎ አያቋርጡ፤ በዚያው ቀን ለሚከታተልዎ ሐኪም ይደውሉ።