ደመወዟ የማን ነው?

በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዱንዲራጅ ጎቪንድ ፋልኬ የህንድን የመጀመሪያ ባለ ሙሉ ታሪክ ፊልም «ራጃ ሃሪሽቻንድራ»ን ሲያዘጋጅ ንግሥት የምትሆን ሴት አጣ። ቦምቤይን ቢያስስ ቢያስስ ካሜራ ፊት ቆማ ለመቀረጽ የምትደፍር አልተገኘችም። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መልኳን ለሕዝብ አሳይታ ገንዘብ ተቀበለች ማለት ስሟ ጠፋ ማለት ነበር። ሲቸግረው ከአንድ ምግብ ቤት ሳሉንኬ የሚባል ቀጭን ወጥ ሠሪ አገኘና ሳሪ አልብሶ አነገሠው። ይኸው ሰው በ1917 በወጣው «ላንካ ዳሃን» ላይ ራማንም ሆነ፣ የራማን ሚስት ሲታንም ሆነ፤ ባልም እሱ፣ ሚስትም እሱ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች ለሣቅ ያህል ያወሩታል። እኔ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ነገር ሥሩ እዚያው ያለ ይመስለኛል። የህንድ ሲኒማ ሴት ልጅ ትማር ዘንድ መፍቀድ ያን ያህል አልከበደውም፤ ደብተር አቅፋ ኮሌጅ ግቢ ስትሄድ ማሳየት ይወዳል፣ ዘፈንም ያወጣላታል። የሚጨንቀው ወር ሲደርስ ነው። ደመወዝ ስትቀበል፣ ያንን ገንዘብ ይዛ የት ትገባለች? ለማን ትሰጠዋለች?

ፋልኬ ግን ሴት ተዋናይ ለማግኘት ብዙም አልቆየም፤ በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ፊልሙ ዱርጋባይ ካማትንና ልጇን ካምላባይን አገኘ። ከዚያ ወዲያ የመጡት ተዋናዮች በኑሯቸው ከሚጫወቷቸው ሴቶች ቀድመው ሄዱ። ዴቪካ ራኒን እንውሰድ። ለንደን የተማረች፣ ከባሏ ከሂማንሹ ራይ ጋር በ1934 ቦምቤይ ቶኪስን ያቋቋመች፣ ባሏ በ1940 ሲሞት ስቱዲዮውን ራሷ የመራች ሴት ናት። ስሟን ያስጠራው የ1936ቱ «አቹት ካንያ» ታዲያ ምን አድርጎ አሳያት? ከዝቅተኛው መደብ የተወለደች፣ ፍቅሯን ተነፍጋ በመጨረሻ ራሷን ለሌሎች መሥዋዕት የምታደርግ የገጠር ልጃገረድ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሴት በሆነችበት ስቱዲዮ እንኳ አለቃ የሆነች ሴት በፊልም አልታሰበችም። ያው በእነዚያ ዓመታት አውስትራሊያ የተወለደችው ናዲያ በ«ሃንተርዋሊ» (1935) ጭንብል አጥልቃ፣ አለንጋ ይዛ ወንዶቹን ስትገርፍ ተመልካች በጭብጨባ ተቀብሏታል። እሷ ግን ልዕልት ነች፤ ልዕልት ደግሞ ደመወዝተኛ አይደለችም።

በእኛም አገር የሚታወቀው የ1957ቱ «ማዘር ኢንዲያ» ነው። ናርጊስ ማረሻውን በትከሻዋ እየጎተተች ልጆቿን ስታሳድግ አይቶ ያላለቀሰ የዚያ ዘመን ተመልካች ጥቂት ነው። የሚገርመው፣ በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ብዙ ህንዳውያን ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል በሳሪ የሚመጡ ሴት መምህራን ነበሩበት። ተማሪው ቀን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚያያትን ህንዳዊት፣ ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ሲገባ በሸራው ላይ አያገኛትም ነበር።

እሷን ለማግኘት ወደ ካልካታ መሻገር ያስፈልጋል። በ1947 አገሪቱ ስትከፈል ቤንጋልም ለሁለት ተቆረጠች፤ ከምሥራቅ የሸሸው ሕዝብ ካልካታን አጥለቀለቀ። መሬቱን ጥሎ የመጣ ጨዋ ቤተሰብ በአንድ ሰው ደመወዝ መኖር አቃተው፤ ሴት ልጅም ሥራ ልትፈልግ ወጣች። መብት ይከበር ተብሎ አልነበረም፤ ሩዝ ስላለቀ ነው።

ሪትዊክ ጋታክ ራሱ ከምሥራቅ ቤንጋል የመጣ ሰው ነበር። በ1960 የሠራው «ሜጌ ዳካ ታራ» ሲጀምር ኒታ የምትባለው ወጣት በመንገድ ላይ ሳለች የጫማዋ ማሰሪያ ይበጠሳል። አውልቃ በባዶ እግሯ ትሄዳለች። ቤት ስትደርስ በማስጠናት ያገኘችው ገንዘብ ይከፋፈላል፤ ለእህቷ ሳሪ፣ ለታናሽ ወንድሟ የኳስ ጫማ። ለራሷ ጫማ የሚተርፍ የለም። እናቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ኒታ ካገባች ግን ገቢው እንደሚሄድ ገብቷታል፤ ስለዚህ የኒታ እጮኛ ወደ ታናሽ እህቷ ሲያዘነብል አይታ እንዳላየች ትሆናለች። ኒታ ትምህርቷን አቋርጣ ቢሮ ትገባለች፤ ቤተሰቡ በእሷ ደመወዝ ቀና ሲል እሷን የሳንባ ነቀርሳ ይጥላታል። በእኛ አገር ታናናሾቿን አስተምራ ራሷ ሳታገባ የቀረች ታላቅ እህት የሌላት ቤተሰብ ስንት ነው? ኬ. ባላቻንደርም በ1974 በታሚልኛ «አቫል ኦሩ ቶዳር ካታይ» ብሎ ተመሳሳይ ሸክም ያላትን ካቪታን አመጣ፤ ይህቺኛዋ ግን ምላሷ ስለት ነው፣ ቤተሰቧን እየመገበች ልካቸውን ትነግራቸዋለች።

ከሁሉ የምወደው የሳትያጂት ራይ «ማሃናጋር» (1963) ነው። አራቲ የባንክ ጸሐፊ ሚስት ናት። ደመወዙ አልበቃ ሲል ሐሳቡን ያነሣው ባልየው ራሱ ነው፤ እሷም የሹራብ መሥሪያ ማሽን በየሀብታሙ ቤት እየዞረች መሸጥ ትጀምራለች። አራቲን የምትጫወተው ማዳቢ ሙከርጂ የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ራይ ያደረገውን ተመልከቱ፦ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ክፍል ይወስዳትና ከመስታወት ፊት ያቆማታል። አዳዲሶቹን የብር ኖቶች ይዛ ፊቷን ታያለች። ንግግር የለም። ከዚያ በፊት ያቺ ሴት ራሷን እንዲህ አይታ እንደማታውቅ ይገባናል።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ይከራል። አማቷ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ምራቱ ያመጣችውን ገንዘብ አልነካም ይላል። አልነካም ይበል እንጂ የቀድሞ ተማሪዎቹን ቤት ለቤት እየዞረ፣ ከአንዱ መነጽር፣ ከሌላው ገንዘብ ይቀበላል። ከተማሪው መለመን ክብሩን አልነካውም፤ የምራቱ ደመወዝ ግን ነካው! ራይ በዚህ ሽማግሌ ላይ አይስቅበትም፤ ያዝንለታል፤ ለዚህም ነው ትዕይንቱ ያልደበዘዘው። ባልየውም ቢሆን በሚስቱ ቦርሳ ውስጥ ከንፈር ቀለም ሲያገኝ ሆዱ ይሻክራል፤ ሥራውን ልቀቂ ይላታል። ልትለቅ አለቃዋ ዘንድ ስትገባ ስልክ ይደወላል፤ ባንኩ ወድቋል፣ ባልየው ሥራ የለውም፣ እንዳትለቂ። ክብሩ የባንኩን ያህል እንኳ አልቆየም።

በመጨረሻ አራቲ ሥራዋን ትለቃለች፤ ግን ለባሏ ብላ አይደለም። አለቃዋ የሥራ ባልደረባዋን ኢዲትን ያለ በደሏ፣ ዘርና ጠባይዋን ዘልፎ ያባርራታል። ኢዲት የእንግሊዝና የህንድ ክልስ ናት፤ ያቺን የከንፈር ቀለም የሰጠቻትም እሷ ናት። አራቲ ይቅርታ ጠይቃት ትለዋለች፣ እምቢ ይላል፣ ትወጣለች፤ ለዚያውም የቤቱ ብቸኛ ገቢ የእሷ ደመወዝ በሆነበት ሰዓት። ራይ በዚህ ፊልም በ1964 በርሊን ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ተቀበለ።

ቦምቤይ ግን ከካልካታ አልተማረም። በ1970 «ፑራብ ኦር ፓሺም» ለንደን ያደገችውን ወጣት ሲጋራና መጠጥ አስይዞ አመጣትና ህንድ ወስዶ በሳሪ «አጸዳት»። «አቢማን» (1973) የተሻለ ሐቀኛ ነው፤ ዘፋኝ ባል ሚስቱ ከእሱ በላይ ስትወደድ ቅናት ሲበላው ያሳያል። ዞሮ ዞሮ ግን እርቁ የሚመጣው እሷ ተሰባብራ ከወደቀች በኋላ ነው። ጉልዛር «አንዲ»ን ሲያወጣ ደግሞ ዓመቱ 1975 ነበር። ሱቺትራ ሴን ፀጉሯ ላይ የሽበት ሰረዝ ያላት ፖለቲከኛ ሆና ስትመጣ ተመልካቹ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ኢንዲራ ጋንዲን አየ። ፊልሙ ለወራት ሲታይ ከቆየ በኋላ ኢንዲራ ባወጁት የአስቸኳይ ጊዜ ታገደ፤ የተለቀቀው በ1977 ኢንዲራ በምርጫ ከተሸነፉ ወዲህ ነው። የአንዲት ሴት መንግሥት ሥልጣን የያዘችን ሴት ታሪክ ማገዱ ለብቻው መጣጥፍ ይወጣዋል።

በ1982 ሁለት በሮች ተከፈቱ። በ«አርት» ሻባና አዝሚ ከድቷት የተመለሰውን ባሏንም፣ ላግባሽ የሚላትን ደግ ሰውም እምቢ ብላ በራሷ ገቢ ትቆማለች። በማራቲው «ኡምባርታ» ስሚታ ፓቲል በማኅበራዊ ሥራ የተመረቀች እናት ናት፤ የሴቶች መጠለያ ለመምራት ቤቷን ትታ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ባሏ ሌላ ሴት ይዟል። እንደገና ባቡር ትሳፈራለች።

ከዚያ በኋላ የመጡት 1990ዎቹ፣ በእኔ አስተያየት፣ ወደ ኋላ የተሄደባቸው ናቸው። በ«ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» (1995) ለንደን ያደገችው ሲምራን አባቷን የምትለምነው የአንድ ወር ጉዞ ብቻ ነው፤ ሥራ የሚባል ነገር አይነሣም። በ«ኩች ኩች ሆታ ሃይ» ቅርጫት ኳስ የምትጫወተው አንጃሊ የምትፈቀረው ፀጉሯን አሳድጋ ሳሪ ከለበሰች በኋላ ነው። ልብሱ ውድ፣ ቤቱ ሰፊ፣ ሐሳቡ ግን ከ1963 ያነሰ።

ለውጡን ያየሁት በ«ፒኩ» (2015) ነው፤ ዲፒካ ፓዱኮን ዴልሂ የምትሠራ አርክቴክት ናት፤ የሆድ ድርቀት ነገር ዓለሙን ሁሉ ያስረሳው አባቷን ታስታምማለች፤ ሥራዋ ይገባታል አይገባትም ብሎ የሚከራከር ሰው ግን አንድም የለም። ይህ ለከተማ ነው። የጂዮ ቤቢ የማላያላም ፊልም «ዘ ግሬት ኢንዲያን ኪችን» (2021) ከዚያ ወደ ደቡብ ህንዷ ቄራላ ወጥ ቤት ይመልሰናል። ሙሽራዋ የዳንስ መምህርነት ሥራ ላመልክት ስትል አማቷ በለሰለሰ ድምፅ ይከለክላታል፤ የእኔም ሚስት እኮ ከፍተኛ ዲግሪ አላት፣ ግን ቤት ውላ ልጆቿን ለቁም ነገር አበቃች ይላታል። ዲግሪው የሚወደሰው ጥቅም ላይ ስላልዋለ ነው። ታላላቆቹ የኢንተርኔት ፊልም ማሳያዎች መጀመሪያ አልቀበልም ብለውት በአንድ ትንሽ ድርጅት በኩል ወጣ፤ አገር ምድሩ ሲያወራበት አማዞን ወሰደው።

በ2024 ካን ላይ ግራንድ ፕሪን ያሸነፈው የፓያል ካፓዲያ «ኦል ዊ ኢማጂን አዝ ላይት» ከቄራላ መጥተው ሙምባይ (በቀድሞ ስሟ ቦምቤይ) የሚሠሩ ሁለት ነርሶችን ይዞ ይነሣል። መሥራታቸውን የሚከለክል የለም። ወጣቷ ግን የቤት ኪራይ አጥሯት ታላቋን ታበድሪኛለሽ ወይ ብላ ትጠይቃለች። በዚያው ሆስፒታል ምግብ የምታበስለው ፓርቫቲ ደግሞ ባሏ የሞተባት ናት፤ ዘመኗን ሁሉ የኖረችበትን ቤት ግንበኞቹ ሊያፈርሱት ሲመጡ የእኔ ነው የምትልበት አንዲት ወረቀት የላትም። ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ባሕር ዳር መንደሯ ትመለሳለች፤ ሁለቱ ነርሶችም ዕቃውን ተሸክመው ይሸኟታል።