ከሙራኖ ደሴት የመጣ ብርጭቆ

ከባሕር ማዶ የሚመለስ መንገደኛ ለወዳጆቹ የሚይዘው ስጦታ አብዛኛውን ጊዜ የማይሰበር ነው። በልብሱ ጠቅልሎ ብርጭቆ የሚያመጣ ሰው ግን እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ልቡ እንደ ተንጠለጠለ ይጓዛል። ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ዕቃዎች ስመ ጥር የሆነው የሙራኖ ብርጭቆ ነው።

ሙራኖ በቬኒስ ከተማ አጠገብ ያለች ደሴት ናት። በ1291 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የቬኒስ ሪፑብሊክ ሸንጎ የብርጭቆ ዕቶኖች ከከተማው ወጥተው ወደዚህች ደሴት እንዲዛወሩ ዐዋጅ አወጣ። ከተማው የእንጨት ቤት የበዛበት ስለ ነበረ እሳት ያሰጋ ነበር፤ ይሁንና ባለሙያዎቹ በአንድ ስፍራ መሰብሰባቸው ምስጢራቸውን ለመጠበቅም ተመቸ። በነገራችን ላይ፥ ከዚያው አጠገብ ባለችው በሳን ሚኬሌ ደሴት ይኖር የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ያገኘው ከአገራችን ተወላጅ ካህናት ነበር።

ምስጢሩ ከጥሬ ዕቃው ይጀምራል። ነጭ ጠጠር ተፈጭቶ፥ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን አገሮች ከሚመጣ የጨዋማ ተክል አመድ ጋር ይቀልጣል። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንጄሎ ባሮቪየር አመዱን በማጥራት ጥቂት ማንጋኒዝ ጨምሮ፥ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራውን «ክሪስታሎ» የተባለውን ብርጭቆ እንዳስገኘ ይነገርለታል።

ባለሙያው ታላቅ ክብር ነበረው፤ መኰንን የብርጭቆ ሠሪን ልጅ ቢያገባ እንኳ ልጆቻቸው መኰንንነታቸውን አያጡም ነበር። ነገር ግን ያለ ፈቃድ ወጥቶ ሙያውን ለባዕድ ቢያስተምር እንደ ከሐዲ ይቈጠራል። ክብሩና እስራቱ አንድ ላይ የተሰጡት ሰው ነበረ ማለት ነው። በ1665 የፈረንሳዩ ሚኒስትር ኮልቤር የሙራኖን መስተዋት ሠሪዎች በገንዘብ አባብሎ ወደ ፓሪስ አስመጣ። ከመጡትም መካከል ጥቂቶቹ በድንገት ስለ ሞቱ፥ ተመርዘዋል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። የሆነው ሆኖ ምስጢሩ ወጥቶ ነበር፤ በ1684 በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የተፈጸመው የመስተዋት አዳራሽ 357 መስተዋቶች የፈረንሳይ ሥራ ናቸው። ሪፑብሊኩም በ1797 ወደቀ፤ የእጅ ሥራው ደግሞ ተዳክሞ እንደገና ያንሰራራው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው።

ዛሬ በቬኒስ ሱቆች ከሌላ አገር የመጣ ብርጭቆ በሙራኖ ስም ይሸጣል። ስለዚህ ገዢው በ1994 በሕግ የታወቀውን የሙራኖ የጥበብ ብርጭቆ ምልክት ይፈልግ፤ ምልክት የሌለው ሁሉ ግን የግድ ሐሰተኛ አይደለም። የዕቃውንም ሥር ገልብጦ ይመልከት። ሠሪው በትንፋሹ ነፍቶ ከቀረጸው በኋላ በብረት ዘንግ ይዞት ስለ ነበር፥ ዘንጉ የተላቀቀበት ጠባሳ ወይም እርሱ የተሞረደበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ይታያል። የሁለት ብርጭቆዎች ቁመት በጥቂቱ ቢለያይም አይከፋ፤ እኔ እንዲያውም እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

የሚፈላ ሻይ አይቀዳበት፤ ይሰነጠቃልና። ቀዝቃዛ ውሃና ጠጅ ግን ያምርበታል። ሲታጠብም ለብ ባለ ውሃ፥ በእጅ፥ አንድ በአንድ ነው።