ዕዳ ከሜዳ

«የበሽታ ቁራኛ ሆነ» እንላለን፤ «የሱስ ቁራኛ»ም እንላለን። ቃሉን ስንጠራ ሰንሰለቱ ትዝ የሚለን ግን ስንቶቻችን ነን? በጥንቱ ሙግት ተበዳሪው ዋስ ሲያጣ እጁ ከአበዳሪው እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰርና ተያይዘው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ለቀላሉ ነገር የነጠላቸውን ጫፍ ማቋጠር ይበቃል። የውጭ መንገደኞች ይህን አይተው በመገረም ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንስተዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። አበዳሪውም አብሮ ታስሮ ይውላል፤ ፀሐዩ እሱንም ይመታዋል። የሚታሰረውም ራሱ ተበዳሪው ነው።

ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቷል። ግን ወደ ወልድያ እንሂድ። የመቀሌው መንገድ የሚያልፍባት፣ የላሊበላና የባሕር ዳሩ የሚገነጠልባት የንግድ ከተማ ናት፤ ዱቤ የሌለበት ንግድ ደግሞ የት አለ? እዚያ ከባሏ የተፋታች አንዲት ሴት አለች እንበል። በማለዳ በሯ ይንኳኳል።

«ባልሽ የወሰደው ብር አለ።»

«ባሌ አይደለም፤ ተፋተናል እኮ።»

«እሱን እኛ አናውቅም። ሲበደር ሚስቱ ነበርሽ።»

ሰውየው የገባበት አይታወቅም፤ የእሷ ሱቅ ግን ይታወቃል። እናም የተገኘው ሰው ይያዛል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ወልድያ የምትዳኝበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 79/1995) መጀመሪያ የሚጠይቁት «ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ?» ብለው ነው። ለቤት ቀለብና ለልጆች ማሳደጊያ ከዋለ የጋራ ዕዳ ነው፤ ፍቺ አያስመልጣትም። ሲለያዩ «እሱ ይክፈል» ብለው ቢፈራረሙ እንኳ ውሉ አበዳሪውን አያስረውም፤ ከፍላ ድርሻውን ከእሱ ትጠይቃለች። ለግል ጉዳዩ የተበደረው ግን በቅድሚያ ከራሱ ሀብት፣ ካልበቃም ከጋራው ይከፈላል እንጂ የእሷ የግል ሀብት አይነካም። ከፍቺ በኋላ የተበደረውማ ጭራሽ አይመለከታትም።

ደግሞም ንብረት የሚያዘው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንጂ በር በማንኳኳት አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አስፈላጊውን ልብስ፣ አልጋ፣ የማብሰያ ዕቃና የሥራ መሣሪያ ለዕዳ እንዳይያዙ ከልክሏል።

ታዲያ ለምን ትከፍላለች? ይሉኝታ ነዋ! በሐብሩ ገጠር፣ በመርሳ ዙሪያ ነገሩ ይጠብቃል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በ2015 ዓ.ም ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ብድርን በገጠር ያስፋፋው በቡድን ዋስትና ነበር። እንዲህ ባለው ብድር አንዱ ሲጠፋ ዱላው የሚያርፈው በቡድኑ ላይ ነው። ስለዚህ በሩን የሚያንኳኳው የማይታወቅ ሰው ሳይሆን ቡና የሚጠራራ ጎረቤት ይሆናል። ጎረቤትም ተበድሏል፤ እሱን አበዳሪ ብሎ መሸኘት ቀላል አይደለም። ሴቲቱ ሕግ ሳያስገድዳት፣ ዓይን አፍሯት ትከፍላለች።

ሽማግሌዎቻችን ለፍቺ ሲቀመጡ ቤቱን፣ ከብቱንና እህሉን ያካፍላሉ። ዕዳውን ግን ስንቱ ይጠይቃል? ማን ተበደረ፣ መቼ፣ ለምን ዋለ ተብሎ አበዳሪው ባለበት ቢጻፍ ብዙ እንባ ይቀር ነበር። አያቶቻችን ሰው ሲያቆራኙ ቢያንስ ማንን ከማን ጋር እንደሚያስሩ ያውቁ ነበር።