ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፤ በዐለት ውስጥ ስለሚጓዘው ውኃ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ራስ ላይ ተቀምጠው ሳለ፥ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውኃ ሜዳ ወርደው ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዲህ ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው ከከርሠ ምድር በሚፈልቅ ውኃ ዳር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ ውኃ ከወዴት መጣ? ብዙ ሰው ከምድር በታች ሐይቅ የተኛ ይመስለዋል፤ እኛም በልጅነታችን እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የሸዋ ደጋ እሳተ ገሞራ በየዘመኑ እያፈሰሰ ያነባበረው ዐለት ነው። የእንጦጦ ዐለት 20 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቈጠረ ሲሆን፥ ከሰበታ በላይ የቆመው ወጨጫ ከእርሱ በብዙ ያንሳል። የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ዝናቡም በስንጥቁ እየሰረገ ይከማቻል። በአንዱ ፍሳሽና በሌላው መካከል ግን የጥንት አፈር ሸክላ ሆኖ ተቀብሮ የሚገኝበት ቦታ አለ። ሸክላ ውኃ ቢይዝም በቀላሉ አያሳልፍምና፥ የወረደው ውኃ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ዞሮ ከተራራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በ1950ዎቹ ዓመታት የቢራ ፋብሪካ በሰበታ መተከሉ አያስደንቀንም፤ ቢራ ያለ ጥሩ ውኃ አይጠመቅም።

የፍል ውኃው መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ምድር በተሰበረችበት መሥመር ከጥልቁ ሞቆ የሚወጣ ነው። በአቃቂ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት የገሞራ ድንጋይ ውኃውን በብዛት ስለሚያሳልፍ፥ የአዲስ አበባ ጥልቅ ጉድጓዶች በዚያ ተቆፍረዋል። የዲዦኑ መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ውኃን በአሸዋ አሳልፎ በመለካት ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የሚያልፈው ውኃ መጠን በግፊቱ ልዩነትና በሚያልፍበት ነገር ጠባይ ይወሰናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን የሱሉልታ ነገር ነው። በሱሉልታ የዘነበው ዝናብ በገጸ ምድር ወደ ሙገር፥ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የቡራዩና የሰበታው ወደ አዋሽ ይሄዳል። እንጦጦ ሁለቱን ይለያል ብለን ተምረናል። የከርሠ ምድር ውኃ ሊቃውንት ግን የጉድጓዶችን የውኃ ከፍታና የውኃውን ጠባይ መርምረው፥ በዓባይ ወገን ካለው ደጋ የሚነሣ ጥልቅ ውኃ ከተራራው ሥር ወደ አዋሽ ወገን እንደሚሻገር ምልክት አግኝተዋል። እንዲህ ከሆነ፥ በሱሉልታ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ከተራራው ማዶ ካለ ሰው ድርሻ ይቀዳ ይሆናል፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። አዲስ አበባ በመካከላቸው ለብቻዋ ትተዳደራለች፤ ውኃው ግን ከሁሉም ሥር ያልፋል።